እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ

ሰው ቤቱን ሲያሰናዳ አንዱ አልጋውን ከመስኮት አጠገብ፤ ሌላው ከጓዳ በኩል ያደርገዋል። ስለዚህ ነገር ጠብ ተነሣ ሲባል ሰምተን አናውቅም። ስለ ኮምፒዩተር ገጽ ግን ሁለት የተማሩ ጓደኛሞች እስኪኮራረፉ ድረስ ሲከራከሩ በዓይናችን አይተናል።

ነገሩን ለማያውቁት እናስረዳ። ኮምፒዩተር ሲከፈት በፊታችን የሚዘረጋው ገጽ፤ ከነመስኮቶቹና ከነምልክቶቹ፤ ዴስክቶፕ ይባላል። በዊንዶውስ ወይም በማክ የሚሠራ ሰው ሠሪዎቹ ያዘጋጁለትን ይቀበላል፤ በሊኑክስ የሚሠራ ግን ከብዙዎቹ የወደደውን ይመርጣል። ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪኽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ኬዲኢ የተባለውን፤ ሜክሲኮዎቹ ሚጌል ዴ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና ደግሞ በ1997 ግኖም የተባለውን ጀመሩ። ኬዲኢ ሁሉን እንደ ልብህ አስተካክል ይላል፤ ግኖም ግን ማስተካከያውን ትቼልሃለሁና ሥራህን ሥራ የሚል ነው። ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. የተባለው ቀላል ስለ ሆነ ላረጀ መሣሪያ ይስማማል።

በ2011 ግኖም ሦስተኛውን እትም ሲያወጣ የቀድሞውን መልክ ፈጽሞ ለወጠው። የለመዱት ብዙዎች ተቈጡ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እንኳ በግልጽ ነቅፎ ወደ ኤክስ.ኤፍ.ሲ.ኢ. ሄደ፤ በ2013 ግን ጉድለቱን የሚሞሉ ቅጥያዎች ስላገኘለት ተመለሰ። ሌሎች ግን አሮጌውን ግኖም ማቴ በሚል አዲስ ስም አቆዩት። እንግዲህ ልማድ ማለት ተራ ነገር አይደለም፤ እጅ ሳያስብ የሚሄድበት መንገድ ነውና።

እኛም ይህን የተማርነው በገዛ ጥፋታችን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስንሠራ ለብዙዎች በሚያገለግል ኮምፒዩተር ላይ፤ ማንንም ሳንጠይቅ፤ የወደድነውን ዴስክቶፕ ዓርብ ማታ ተከልንበት። ሰኞ ጧት በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ጸሐፊ መጥተው፤ በዚያው ቀን መላክ የነበረበትን ደብዳቤ ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡት። ደብዳቤው አልጠፋም፤ መንገዱ ብቻ ተለውጧል። እሳቸውም ቀና ብለው፤ «ልጄ፤ ቤቴን ማን አፈረሰብኝ?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ወጣት ተማሪዎችና ሠራተኞች ዴስክቶፕ ሲመርጡ ሦስት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። መጀመሪያ የመሣሪያውን ዐቅም ይመልከቱ፤ ያረጀውን ኮምፒዩተር በጌጥ አያስጨንቁት። ሁለተኛ ለሥራቸው የሚፈጥነውን እንጂ ለዓይን የሚያምረውን ብቻ አይከተሉ፤ ምልክት ሲቀያይር ያመሸ ሰው ጽሑፉን ሳይጨርስ ይነጋበታል። ሦስተኛ፤ መሣሪያው የጋራ ከሆነ የጋራ ፈቃድ ይጠይቁ።

እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ የሁለት ሰው ሲሆን፤ አልጋውን ከማንሣት በፊት የተኛውን ሰው መቀስቀስ ይገባል።