የአሻንጉሊት ፈረስ ጋማ እንዴት ይተካል?

ፀጉር ለሰው ልጅ ጌጡ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ለፈረስም ጋማውና ጭራው ግርማው ነው። ምን ያህል ብርቱ ፈረስ ቢሆን ጋማው ተላጭቶ፥ ጭራው ተቆርጦ ያዩት እንደ ሆነ ያሳዝናል። ይህም በእውነተኛው ፈረስ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ከባሕር ማዶ ዘመድ የላከው ወይም ከገበያ የተገዛው የልጆች አሻንጉሊት ፈረስ፥ ጥቂት ዓመት ከተጫወቱበት በኋላ ጋማው ተነጭቶ፥ ጭራው ተበጥሶ ከአልጋ ሥር ይወድቃል። ወላጅ «አለቀለት» ብሎ ከጥራጊ ጋር ሊጥለው ይነሣል። ባለቤቲቱ ልጅ ግን ራሰ በራውን ፈረስ ከጥራጊው መካከል አውጥታ መልሳ ታቅፈዋለች፤ ለእርሷ ያው ፈረሷ ነውና።

ዛሬ ለአንባቢያን ልናወሳ ያሰብነው፥ ይህ መላጣ ፈረስ እንደ ገና ባለጋማ የሚሆንበትን የእጅ ሥራ ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው መርፌ፥ ክር፥ ጥቂት ሙጫና ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ነው።

ድንኮቹ ፈረሶች ከየት መጡ?

በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ሐሰንፌልድ የሚባሉ ወንድማማቾች በአሜሪካን አገር፥ በሮድ አይላንድ ግዛት አንድ አነስተኛ ንግድ አቋቋሙ። መጀመሪያ የሚነግዱት የጨርቅ ቁርጥራጭ ነበር። ይኸው ንግድ እያደገ ሄዶ ዛሬ ሐስብሮ የተባለው ታላቅ የመጫወቻ ኩባንያ ሆነ። በ1981 ዓ.ም. ቦኒ ዛከርሊ የተባለች ሠዓሊ ያሰበችው «ማይ ፕሪቲ ፖኒ» የሚባል ትልቅና ጠንካራ ፈረስ ለገበያ ቀረበ። ከዚያም በ1982ና በ1983 ዓ.ም. መጠኑ ያነሰ፥ ገላው ለስላሳ፥ ቀለሙ ሮዝ፥ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ «ማይ ሊትል ፖኒ» የተሰኘ የድንክ ፈረሶች ወገን ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ነበሩ። በየጭናቸው ላይ አንድ አንድ ምልክት የተሣለባቸው ሲሆን፥ ጋማቸውና ጭራቸው እንደ ሴት ልጅ ፀጉር የሚበጠርና የሚጎነጎን ነበር። የልጆችን ልብ የማረከውም ይኸው ፀጉር ነው።

ያን ጊዜ በእነዚህ ፈረሶች ይጫወቱ የነበሩት ሕፃናት ዛሬ የልጆች እናት ሆነዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ የድሮውን መጫወቻ እያፈላለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች ወጥቷቸዋል። ከ2010 እስከ 2019 ዓ.ም. የታየው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ደግሞ አዲስ ትውልድ ወዳጆችን ጨመረላቸው። የተጎዳውን ፀጉር ነቅሎ አዲስ የመትከሉ ሙያ የዳበረው በእነዚህ ሰብሳቢዎች እጅ ነው።

ለእኛ አገር እንግዳ ነገር ነውን?

አንዳንድ አንባቢ «ፀጉር መትከል ደግሞ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን የማሲንቆ ተጫዋች ይህን ቢሰማ አይስቅም። የማሲንቆው አንድዬ አውታር የተሠራው ከፈረስ ጭራ ነው፤ የሚገዘግዝበትም ደጋን እንዲሁ በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። ፀጉሩ ሲያልቅና ሲበጠስ ባለሙያው አዲስ መርጦ፥ አስተካክሎ፥ ቋጥሮ ይተካዋል። ዝንብ የሚከለከልበት ጭራም በእንጨት እጀታ ላይ የታሰረ የፈረስ ፀጉር ነው። እንግዲህ ፀጉርን ቆጥሮ፥ አመሳስሎና አጥብቆ ማሰር በአገራችን የቆየ ጥበብ ነው ማለት ነው።

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወናጎም ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለችም። ወናጎ ያለችው በጌዴኦ ምድር ነው። ይህ ምድር እንሰትን፥ ቡናንና ትላልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ አስተባብሮ በማልማቱ በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በጌዴኦ እንሰት ምግብ ብቻ አይደለም። ሴቶች ግንዱን ለቆጮ ሲፍቁት፥ ለምለሙ ክፍል ወደ ታች ሲወርድ በእጃቸው የሚቀረው ረጅምና ነጭ ጭረት ቃጫ ይባላል። ቃጫው በፀሐይ ደርቆ ገመድና ሌላም የቤት ዕቃ ይሠራበታል። ቃጫን ሲያበጥሩ፥ ሲከፋፍሉና ሲፈትሉ ያደጉ እጆች የአንድ አሻንጉሊት ጋማ ያቅታቸዋል አይባልም።

የትኛው ፀጉር ይሻላል?

ፋብሪካው በድንክ ፈረሶቹ ላይ የተከለው በአብዛኛው ናይለን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጭረት ነው። ናይለን በ1935 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር በዱፖንት ኩባንያ፥ በዋላስ ካሮዘርስ የምርምር ክፍል የተገኘ ሲሆን፥ ልስላሴና ብልጭታ አለው። ሰብሳቢዎች የድሮውን መልክ መመለስ ሲሹ ናይለን ይመርጣሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ሴቶቻችን ሹሩባ ሲሠሩ የሚጨምሩት ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው። ከዚህም መካከል ስመ ጥሩው ካኔካሎን በጃፓን አገር ካኔካ በተባለው ኩባንያ የሚሠራ ነው። ይህ ፀጉር ከናይለን ይልቅ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ብዙ፥ ዋጋውም ቀላል ስለ ሆነ ለጀማሪ እጅግ ይስማማል። ከሹሩባ የተረፈ አንድ እፍኝ ለአንድ ትንሽ ፈረስ ይበቃል።

ቃጫስ? ቃጫ ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ተክል ስለ ሆነም ቀለም ይጠጣል። ሆኖም ሸካራ ነው፤ ውሃም ስለሚይዝ ልጆች እያጠቡ ለሚጫወቱበት ፈረስ አይመችም። በቤት ከጨርቅ ወይም ከእንጨት ለተሠራ ፈረስ ግን ከቃጫ የሚበልጥ ጋማ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ለፋብሪካው ፈረስ ሰው ሠራሹን ፀጉር፥ ለቤቱ ፈረስ ቃጫውን ማድረግ ይበጃል።

አሠራሩ

መጀመሪያ ፀጉሩ በእርግጥ መተካት የሚያስፈልገው መሆኑን ይመልከቱ። የተንጨባረረ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። በለስላሳ ሳሙና ካጠቡት በኋላ፥ እርጥብ ሳለ በሚዶ ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ቢያበጥሩት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከሥሩ ማበጠር የጀመሩ እንደ ሆነ ግን ይበልጥ ይነጨዋል። ልጅ በመቀስ ከቆረጠው፥ እሳት ካቀለጠው ወይም ሥሩ ከተነቀለ ግን መተካት ግድ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ራሱን ከገላው መለየት ነው። የድሮው ፈረስ ራስ ባንገቱ ላይ በሙጫ የተያያዘ ነው። ከፈላ በኋላ ጥቂት በረድ ባለ ውሃ አንገቱን ለደቂቃዎች ቢነክሩት ገላው ይለሰልሳል፤ ሙጫውም ይላላል። ያን ጊዜ ባልተሳለ ቢላዋ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ሳይቸኩሉ ያላቅቁታል። በስለት መቁረጥ ወይም በኃይል መጎተት አንገቱን ይቀድደዋልና መጠንቀቅ ነው። ሙቅ ውሃና ቢላዋ ስላለበት ይህን ክፍል ትልቅ ሰው ይሥራው እንጂ ለልጅ አይተውለት።

ሦስተኛ፥ አሮጌውን ፀጉር ከውጭ በመቀስ አሳጥረው ቆርጠው፥ የቀረውን ሥር ከአንገቱ ውስጥ በወረንጦ እየሳቡ ያወጡታል። ጭራውም እንዲሁ ይወጣል። በብዙዎቹ የድሮ ፈረሶች ጭራውን ከውስጥ የያዘው ብረት ነው። ይህ ብረት ውሃ ሲነካው ይዝጋል፤ ዝገቱም በገላው ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ስለዚህ ብረቱን አውጥተው ይጣሉት። ከዚያም ፈረሱን በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው በደንብ ያድርቁት። ዓይኑንና የጭኑን ምልክት ግን አይፈትጉ፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም አያስነኩት፤ ሥዕሉ አብሮ ይለቃልና።

አራተኛውና ዋናው ሥራ መትከሉ ነው። የፀጉሩን ቀዳዳዎች ይቁጠሩ፤ ያንኑ ያህል ትናንሽ የፀጉር ዘለላ ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ዘለላ ከክብሪት እንጨት ባይወፍር ይመረጣል። ዘለላው ከመካከሉ ስለሚታጠፍ፥ ርዝመቱ ከሚፈለገው ጋማ እጥፍ ሆኖ ለቋጠሮ ሁለት ጣት ያህል ይጨመርበት። ከዚህ በኋላ ረጅም መርፌ ላይ ጠንካራ ክር ያስገቡና ዘለላውን በመካከሉ በክሩ ይያዙት። መርፌውን ከውጭ በቀዳዳው አስገብተው በአንገቱ ክፍት ያውጡት። ክሩን ሲስቡ የዘለላው እጥፋት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎች ውጭ ይቀራሉ። እጥፋቱን ከውስጥ አጥብቀው ከቋጠሩ በኋላ ጫፎቹን ከውጭ ሳብ ቢያደርጉ ቋጠሮው ከቀዳዳው ሥር ይቀመጣል።

ሥራውን ከግንባሩ ቁንጮ ይጀምሩ። ምክንያቱም ቁንጮው ከአንገቱ ክፍት የራቀ ነው፤ የአንገቱ ጋማ አስቀድሞ ከተተከለ ቋጠሮዎቹ መንገዱን ይዘጉታል። ሁሉ ከተተከለ በኋላ ቋጠሮዎቹን ከውስጥ ሙጫ ቀብተው ያሳድሩት። ለጭራው ደግሞ ወፍራም ዘለላ ወገቡን አጥብቀው አስረው፥ ከጭራው ቀዳዳ እስከ አንገቱ በሚደርስ ቀጭን ሽቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሳቡታል። ቋጠሮው ከቀዳዳው ስለሚሰፋ ውስጥ ይቀራል። በመጨረሻም አንገቱን አሙቀው ራሱን ይገጥሙታል።

ጀማሪ ሰው ይህን ሁሉ በውድ ፈረስ ላይ አይሞክር። አስቀድሞ በማያሳዝን አሮጌ አሻንጉሊት ይለማመድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ በአንድ ማታ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው ቀዳዳውን ይቀድዳል፤ ቋጠሮውንም ያላላል። በየማታው አንድ መሥመር ቢሠሩ ግን በሳምንት ውስጥ ፈረሱ ባለጋማ ይሆናል።

ስለ እውነተኛነት

ከዚህ በላይ አንድ የሚታሰብ ነገር አለ። ፈረሱ የልጅ መጫወቻ ከሆነ ፀጉሩ አዲስ መሆኑ ደስታ እንጂ ጉዳት የለውም። ለሽያጭ የሚቀርብ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ሰብሳቢ ሰው የፋብሪካውን የመጀመሪያ ፀጉር አንድ ዋጋ፥ የተተካውን ሌላ ዋጋ ይሰጠዋል። ፀጉሩን ተክቶ «እንደ ተሠራ ነው» ብሎ መሸጥ የእጅ ሙያን ወደ ማታለል መለወጥ ነው። ደኅና ባለሙያ «ጋማው አዲስ ነው፤ የተከልሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይናገራል። ሥራው ያማረ ከሆነም ይህ ቃል ያስከብረዋል እንጂ አያሳፍረውም። የታደሰውን ያልታደሰ ነው ከማለት ግን መላጣ አድርጎ መሸጥ ይሻላል።

እንዲሁም ገና ነገርን ሁሉ ወደ አፉ ለሚወስድ ሕፃን ፀጉር የተተከለበት አሻንጉሊት አይሰጠው። የላላ ዘለላ ተነቅሎ ጉሮሮ ሊያንቅ ይችላል።

ለልጆች የሚቀረው ትምህርት

በገጠርም በከተማም ያለ ልጅ ዕቃ ሲሰበር ሁለት ነገር ሊማር ይችላል፤ አንደኛው መጣል፥ ሁለተኛው መጠገን ነው። እናት ወይም ታላቅ እኅት በወናጎ ማታ ከሥራ በኋላ ተቀምጣ ከሹሩባ በተረፈ ፀጉር የፈረስ ጋማ ስትተክል ያየ ልጅ፥ የተበላሸ ሁሉ የሞተ አለመሆኑን በዓይኑ ያያል። ዘለላውን እንዲቆጥር፥ ቀለሙን እንዲመርጥ፥ ጫፉን እንዲያስተካክል ቢፈቀድለት ደግሞ መቁጠርንና መታገሥን ሳይታወቀው ይለምዳል። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ መምህራንም ከዚህ የሚቀል ማስተማሪያ በቀላሉ አያገኙም። ቃጫው በየጓሮው፥ መርፌውም በየቤቱ ይገኛልና።

እንግዲህ የቤትዎ ድንክ ፈረስ ጋማው የረገፈ እንደ ሆነ፥ ከመጣልዎ በፊት አገላብጠው ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። ቀዳዳው ደኅና ከሆነ ፈረሱም ደኅና ነው፤ የጎደለው ፀጉር ብቻ ነው።