ከተራራ የሚወርደው የከሰዓት ነፋስ

በሐምሌ ማለዳ ጥብርያዶስ ከተማ ዳር ለቆመ ሰው የገሊላ ባሕር ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። ማዶ ያሉት የጎላን ተራሮች መልካቸውን ውኃው ላይ ጥለዋል፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ሰሌዳና ሸራ መኪና ላይ ጭነው የመጡት የዊንድሰርፊንግ ወዳጆች ግን አይቸኩሉም፤ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። እኩለ ቀን አልፎ ፀሐይ ዘንበል ስትል በምዕራብ፣ በአርቤል ገደል በኩል፣ ውኃው ይጠቁራል። ጥቁረቱ ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ይመጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ነጭ አረፋ ይለብሳል። እኛ አገር ክረምቱ በሚበረታባቸው፣ እዚያ ግን ጠብታ ዝናብ በማይታይባቸው ወራት ይህ ነገር ከሞላ ጎደል በየቀኑ ይደጋገማል።

ሸራ ለሚይዝ ሰው እንዲህ ቀጠሮ የሚያከብር ነፋስ ውድ ነገር ነው። የተለመደው ሰሌዳ ውኃውን መቅዘፍ ትቶ በላዩ ላይ መንሸራተት የሚጀምረው ነፋሱ ከ12 እስከ 15 ኖት ሲደርስ ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ደግሞ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ይመጣል። ነፋስ ሸራ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። 10 ኖት የነበረው ነፋስ 20 ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትንበያ ላይ «ከ12 እስከ 20 ኖት» የሚል ጽሑፍ ላነበበ ሰው ልዩነቱ ትንሽ ይመስለዋል፤ ሸራውን ለያዘው ክንድ ግን ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። ባለሙያዎቹ አራት አምስት ዓይነት ሸራ ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። በእስራኤል ይህ ስፖርት የጥቂቶች መዝናኛ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አገሪቱ በኦሎምፒክ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በዊንድሰርፈሩ ጋል ፍሪድማን ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ቶም ርኡቬኒ በፓሪስ ኦሎምፒክ፣ በማርሴይ ውኃ ላይ፣ በዚሁ ስፖርት ወርቅ አግኝቷል።

ነፋሱ ከየት ይመጣል? ከሜዲትራኒያን ነው። ያ ባሕር ከሐይቁ በስተምዕራብ ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ይገኛል። ጠዋት ፀሐይ ምድሩን ስታግለው በላዩ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ይቀልላል፤ የአየር ግፊቱም ይቀንሳል። ባሕሩ ግን ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል በላዩ ያለው አየር ቀዝቀዝ እንዳለ ይቆያል። ከባዱ አየር ወደ ቀላሉ ቦታ ይገባል። የባሕር ነፋስ የሚባለው ይህ ነው። መጀመሪያ ጠረፉን ይነካል፤ ከዚያ በሸለቆዎቹ እየተሹለከለከ የገሊላን ኮረብቶች ይወጣል፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ የሐይቁ አፋፍ ላይ ይደርሳል።

እዚያ ሲደርስ መሬቱ ከሥሩ ይከዳዋል። ዕብራውያን ኪኔሬት የሚሉት የገሊላ ባሕር ከባሕር ጠለል 210 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጎድጓዳው ከቀይ ባሕርና ከአፋር ጋር ዝምድና ያለው የምድር ስንጥቅ አካል ነው። ከባሕር የመጣው አየር በጎድጓዳው ውስጥ ሲግል ከዋለው አየር ስለሚከብድ እንደ ጎርፍ በተዳፋቱ ይንደረደራል። ጠባብ ሸለቆ ያገኘበት ቦታ ላይ ይበልጥ ይፈጥናል። በሐይቁ ላይ በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም ወደ 20 ኖት የሚጠጋና አንዳንዴም ከዚያ የሚያልፍ ነፋስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሙቀቱ ነው። ከባሕር የመጣ ነፋስ ቀዝቃዛ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅን ሰው ጥብርያዶስ ላይ ሞቅ ያለ አየር ፊቱን ይመታዋል። የሚወርድ አየር ከበላዩ ያለው ክብደት ስለሚጨምር ይታመቃል፤ ሲታመቅ ደግሞ በየ100 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። 400 ሜትር ከፍታ ካለው ኮረብታ ተነሥቶ ሐይቁ ፊት ድረስ የወረደ አየር ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ጨምሮ ይመጣል። በሜዲትራኒያን ጠረፍ፣ ሃይፋ ላይ፣ ላብ ያደረቀው ነፋስ ሐይቁ ጋ ሲደርስ ሌላ ጠባይ አለው። የአየር ተመራማሪው ፒንሃስ አልፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህንን ጉዞ ከሜዲትራኒያን እስከ ዮርዳኖስ ሸለቆ በኮምፒውተር ሞዴል ተከትለውታል።

ታዲያ ስልክ ላይ ያለው ትንበያ ለምን ይሳሳታል? የአየር ትንበያ ሞዴሎች ምድርን እንደ ጥልፍ ጨርቅ በአራት ማዕዘን ይከፋፍሏታል። ብዙ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት የአሜሪካው ዓለም አቀፍ ሞዴል አንድ አራት ማዕዘን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ጎን አለው፤ የአውሮፓው 9 ገደማ ነው። የኪኔሬት ሰፊው ወገን ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሐይቁ፣ ገደሉና ኮረብታው ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ላይ ተጨፍልቀው በአማካይ ከፍታ ይቀመጣሉ። ገደል የሌለበት ምድር ላይ ነፋስ አይወርድም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። የሁለትና የሦስት ኪሎ ሜትር ጥራት ያላቸው የአካባቢ ሞዴሎች በጣም የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ቁጥሩን ከማመን በፊት መጠየቅ ያለበት፣ «ይህ ቁጥር የቆምኩበትን ተራራ ያውቀዋል?» የሚለው ነው። ጠዋት በጠረፉና በሸለቆው መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ማየት፣ ከዚያም ምዕራቡን የውኃ ጠርዝ ማየት፣ ከብዙ የተዋቡ ካርታዎች የበለጠ ይነግራል። ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም በብዛት መታየት ሲጀምር ነፋሱ የነፋስ ጥንካሬ በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ አራተኛው ደረጃ፣ ከ11 እስከ 16 ኖት መካከል፣ ደርሷል ማለት ነው።

ይህ ሐይቅ ለእኛ በልጅነት ከሰማነው ወንጌል ጋር የተያያዘ ነው። ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ ሲሻገሩ ማዕበል የያዛቸው እዚህ ነው፤ ማርቆስ ጊዜው ሲመሽ እንደነበር ይነግረናል። ሉቃስ ማዕበሉን ሲገልጽ በግሪክኛው የተጠቀመበት ግስ «መውረድ» ነው። የአየር ተመራማሪ ቢጽፈው የተሻለ ቃል አያገኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በድርቅ ምክንያት ውኃው ሲሸሽ ከጭቃው የወጣችው የአንደኛው መቶ ዘመን ጀልባ፣ ዛሬ በሐይቁ ዳር ጊኖሳር ላይ የምትታየው፣ ከስምንት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ርዝመትና 2.3 ሜትር ስፋት አላት። በዚያ ነፋስ መካከል እሷ ውስጥ መሆን ምን እንደሚመስል ቆሜ ሳስበው ዓሣ አጥማጆቹ ለምን እንደፈሩ ይገባኛል።

ሌላ ነፋስም አለ፤ ይህኛው ቀጠሮ የለውም። በእዚያ አገር ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ከፍተኛ የአየር ግፊት በምሥራቅ ሲቀመጥ «ሻርቂያ» የሚሉት ደረቅ የምሥራቅ ነፋስ ከጎላን ላይ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የለም፣ ዝናብ የለም፣ የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። ማዕበሉ ሐይቁን አቋርጦ የጥብርያዶስን የድንጋይ ግንብ ይመታል። እዚህ ላይ አቅጣጫ ከፍጥነት ይበልጣል። የሐምሌው የከሰዓት ምዕራብ ነፋስ ከጥብርያዶስ ዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ ስለሚገፋ ጀማሪን ወደ ሐይቁ መሐል ይወስደዋል፤ ዳሩ ላይ ሲቆም ለስላሳ ይመስላል፣ ከሦስት መቶ ሜትር በኋላ ግን መመለሻ ያጣል። በምሥራቁ ዳር ያው ነፋስ ወደ መሬት ስለሚገፋ የወደቀ ሰው ተመልሶ ወደ ዳር ይመጣል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የትኛው ዳር እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም። ከአፉላም ሆነ ከሌላ ከተማ ቅዳሜን በሐይቁ ለማሳለፍ የሚመጡ ቤተሰቦች በፕላስቲክ ፍራሽ ላይ የሚንሳፈፉ ልጆቻቸውን በዚህ ዓይን ቢያዩ እወዳለሁ።

ወደ ደቡብ ሙት ባሕር ጋ ደግሞ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ማንኛውም ሰፊ ውኃ ቀን ቀን የራሱን ቀዝቃዛ ነፋስ ወደ ዳሮቹ ይልካል፤ ሙት ባሕርም በዚህ ነፋስ ከሜዲትራኒያን የሚመጣውን እንግዳ ይገዳደር ነበር። ውኃው እየሸሸ ሲሄድ ግን የራሱ ነፋስ ደከመ። አልፐርትና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት የሜዲትራኒያኑ ነፋስ ከበፊቱ በርትቶ ወደ ውስጥ መግባቱን አሳይተዋል። ሐይቅ ሲያንስ ነፋሱም ይቀየራል።

ጣና ሌላ ዓይነት ነው። ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ተቀምጦ የሚጋፋው ባሕር ስለሌለው ነፋሱን በአብዛኛው ራሱ ይሠራል፤ ቀን ከውኃው ወደ ዳር፣ ሌሊት ከዳር ወደ ውኃው። የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች ገዳማቱን ለመሳለም የመጣን እንግዳ በጠዋት የሚያጣድፉት ከሰዓት በኋላ ሞገዱ እንደሚነሣ ስለሚያውቁ ነው። የደንገል ታንኳ ቀዛፊውም ቢሆን ይህንን ያወቀው ከካርታ አይደለም።

ኪኔሬት ላይ ሲመሽ ነፋሱ ይበርዳል። ሸራዎቹ ተጠቅልለው መኪና ላይ ይወጣሉ። ከሥር ግን ሥራው አላለቀም። ቀኑን ሙሉ ነፋሱ ሞቃቱን የላይኛውን ውኃ ወደ ምሥራቅ ሲገፋ ውሏል፤ ቀዝቃዛው የታችኛው ውኃ በምዕራብ በኩል ከፍ ብሏል። ግፊቱ ሲለቀው ሁለቱ ንብርብሮች እንደ ተነካ ማሰሮ ውኃ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። የላዩ ገጽ እንደ መስታወት ረግቶ ሳለ በጥልቁ ያለው ሞገድ አንድ ዙር ለመጨረስ 24 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ እሱ ዙሩን ሲጨርስ የነገው ነፋስ አርቤል ገደል ላይ ደርሷል።