ከጓሮ ቁርጥራጭ ወደ ውድ ዕቃ፤ አሮጌ የኒዮን ማስታወቂያዎች ፈላጊ አገኙ

በአሜሪካዋ የላስ ቬጋስ ከተማ ሆቴል ሲዘጋ ወይም ስሙ ሲለወጥ ከግንባሩ የሚወርደው የኒዮን ማስታወቂያ ለብዙ ዘመን ከቁርጥራጭ ብረት ተለይቶ አይታይም ነበር። ዛሬ ግን ጎብኚ ከፍሎ የሚያየው፣ ሰብሳቢም ተሻምቶ የሚገዛው ዕቃ ሆኗል።

የኒዮን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ውስጥ ቢገኝም ለገበያ ያበቃው ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ ነው። ክሎድ ከአየር ኦክስጅን እያወጣ ይሸጥ ስለነበር ኒዮኑ በተረፈ ምርትነት በእጁ ነበር። በ1910 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ አብርቶ አሳየ፤ በ1915 የአሜሪካ ፓተንት አገኘ፤ መብቱንም ለአሜሪካ ድርጅቶች በክፍያ ያስጠቅም ጀመር።

በላስ ቬጋስ ሠሪዎቹ ማስታወቂያውን ከመሸጥ ይልቅ በአብዛኛው ጥገናውን ጨምረው ያከራዩት ነበር። ውሉ ሲያበቃ ዕቃው ወደ ሠሪው ጓሮ ይመለሳል። ያንግ ኤሌክትሪክ ሳይን የተባለው ኩባንያ በዚህ መንገድ ያከማቸው አሮጌ ዕቃ በ1996 ለተቋቋመው የኒዮን ሙዚየም መነሻ ሆነ። ሙዚየሙ ዛሬ ከ200 በላይ ማስታወቂያዎች አሉት።

ኒዮንን ከገበያ የገፉት በመጀመሪያ ከውስጥ በፍሎረሰንት የሚበሩ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች፣ ቀጥሎም ኤል.ኢ.ዲ. ናቸው። ኤል.ኢ.ዲ. ኃይል ይቆጥባል፤ በቀላሉም አይሰበርም። ኒዮን በአንጻሩ የእጅ ሥራ ነው። ባለሙያው የመስተዋት ቱቦውን በእሳት አለስልሶ ሳይደርቅ ፊደል ያወጣበታል፤ አየሩን አስወጥቶ ጋዝ ይሞላዋል። ንጹህ ኒዮን ቀይ ብርቱካናማ፣ አርጎን ከጥቂት ሜርኩሪ ጋር ሰማያዊ ይሰጣል። ፈላጊውን የሚስበውም ይኸው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት የማይወጣው የእጅ ሥራ ነው።

ገዢ ታዲያ ምን ይመልከት? የተሰበረ ቱቦ በአዲስ ይተካል፤ ትራንስፎርመርም ይለወጣል። ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቁበት የቀድሞው ቀለም ግን አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ስለዚህ አዲስ ቀለም የተቀባ ማስታወቂያ ቢያምርም በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ሊቀንስ ይችላል። ትራንስፎርመሩ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚያወጣ ደግሞ ባለሙያ ሳያየው ሶኬት ላይ መሰካት አደጋ አለው።

የገበያው ሥጋት ወዲህ ነው። አሮጌው ማስታወቂያ በተወደደ ቁጥር ጠጋኙ ያስፈልጋል፤ አዲስ ሥራ ባነሰ ቁጥር ግን ሙያውን የሚማር ይጠፋል። ቱቦ የሚያጥፍ እጅ ከሌለ፣ ብዙ ብር የወጣበት ዕቃ የማይበራ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል።