ልጃችሁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው የማን ፍርሃት ነው?

በአለንጋና በኩርኩም የተማረ ወላጅ፣ አዋሽም ይኑር ሰመራ፣ «ልጄን ቤት ባስተምረውስ?» ቢል አይፈረድበትም። የልጅነት ፍርሃት ቶሎ አይለቅም። ግን ከመወሰናችሁ በፊት ፍርሃቱ የእናንተ ነው ወይስ የልጁ? ለዩት።

ጠዋት ጠዋት ሆዱን እያመመው ቅዳሜና እሁድ ደህና የሚሆን ከሆነ፣ ትምህርት ቤት የሚያስፈራው ነገር ሊኖር ይችላል። ሳትቆጡ ጠይቁት። ትኩሳት ካለው ግን ፍርሃት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ያላችሁት ወባ ያለበት አገር ነው፣ ቶሎ አስመርምሩት።

ተመትቶ ከሆነ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

በፍርሃት ብቻ ቤት የሚቀር ልጅ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ ይብስበታል። ቤት ካስተማራችሁም አደራ፣ አለንጋው ተከትሏችሁ አይግባ!