ሃርድ ዲስክ ሲያንኳኳ

የአክስቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ከውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ግን እስካሁን ይሠራል» አለችኝ። የመመረቂያ ጽሑፏም የሠርጓም ፎቶ እዚያው ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ አላት ወይ? የላትም። ድምፁ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ሦስት ሳምንት መጠበቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለማወቅ ሃርድ ዲስኩን በሐሳብ እንክፈተው። ውስጡ መስታወት የመሰሉ ክብ ሳህኖች አሉ፤ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። እንደ ሸክላ ማጫወቻ በላያቸው የሚመላለስ ክንድ አለ። የሸክላው መርፌ ግን ሸክላውን ይነካል፤ በዚህኛው ክንድ ጫፍ ያለው ማንበቢያ ሳህኑን መንካት የለበትም። ሳህኑ ሲሽከረከር የሚያስነሳው ነፋስ ተሸክሞት ከገጹ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ወደ 80,000 ናኖሜትር ነው። እዚያ መሐል የገባች የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት ማለት ነው። ቤት ውስጥ በካቻቢቴ የተከፈተ ዲስክ ወዲያው ቢሠራ እንኳ ዕድሜው አጭር የሚሆነው በዚህ ነው።

ይህ ነፋስ ለደገኛ ሌላም ጉዳይ አለው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ማንበቢያውን እንደልቡ አይሸከምም። ብዙ አምራቾች ዲስኩ እንዲሠራበት የወሰኑት ከፍታ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ናት፤ የእንጦጦ አናት ግን ያልፋል። እንጦጦ ላይ ላፕቶፕ የከፈተ ሁሉ ፋይሉ ይጠፋል ማለቴ አይደለም፤ አምራቹ ዋስትና አይሰጥም ማለቴ ነው።

 

መብራት ድንገት ሲሄድስ? ለዚህ ታስቦበታል። ሳህኖቹ ገና እየተሽከረከሩ ስለሆነ ሞተሩ ለቅጽበት ጄኔሬተር ይሆንና ክንዱን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። በዚያች ሰዓት ይጻፍ የነበረው ፋይል ግን ይቆረጣል። ዩፒኤስ የሚገዛውም ለዚሁ ነው።

ወደ ቀጭ ቀጩ እንመለስ። ማንበቢያው የሚፈልገውን ቦታ ማንበብ ሲያቅተው ክንዱ ወደ መነሻው ይመለስና እንደገና ይሞክራል። የምንሰማው ይህንን ምልልስ ነው። ማንበቢያው ተጎድቶ ከሆነ እያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊፍቅ ይችላል። ስለዚህ ድምፁ እንደተሰማ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ነው። ፋይሉ ምንም ዋጋ ቢከፈልለት የሚያስቆጭ ካልሆነ ዳግም ሳያስነሡት ለመረጃ ማውጣት ባለሙያ መስጠት ይሻላል። ራሴ ልሞክር ያለ ሰው ዲስኩን ሳይከፍት ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና በጣም የሚፈልገውን አስቀድሞ ይቅዳ። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዲስክ መመርመሪያ ማስኬድ በዚህ ሰዓት ስሕተት ነው፤ የደከመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ የሚባለውንም እርሱት፤ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

የጠፋ የመሰለ ሁሉ ግን የዲስክ ብልሽት አይደለም። ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሲሆኑ ብዙ ሰው ደንግጦ ፎርማት ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ቫይረስ ፋይሎቹን አብዛኛውን ጊዜ ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም፤ የሚያጠፋቸው ፎርማቱ ነው።

አዲሶቹ ኤስኤስዲዎች የሚሽከረከር ነገር ስለሌላቸው መውደቅን ይችላሉ። እኔ ግን አንድ ነገር እፈራላቸዋለሁ፦ ሲሞቱ አያንኳኩም።

ከአክስቴ ልጅ ዲስክ ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን አስቀድመን ቀዳን፤ ቀጥለን ፎቶዎቹን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ዲስኩ ጸጥ አለ። ሠርጉ ተርፏል፤ የመልሱ ፎቶ የለም።