ቀለሙ ቢለወጥ እንጨቱ ያው ነው

ከየካ ሰፈሮች ወደ እንጦጦ ተራራ አሻቅቦ ለሚመለከት ሰው፤ ተራራው ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ አረንጓዴ ልብስ ለብሶ የኖረ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቀድሞው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ከመነመነ በኋላ፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የአውስትራልያው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ፤ ተራራውንም አለበሰው። አረንጓዴነቱ ተመለሰ፤ እንጨቱ ግን ሌላ እንጨት ነው።

ይህን ማንሣታችን መልክና ባሕርይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማሳሰብ ነው። ከትምህርትና ከቢሮ ሥራ በሚተርፋቸው ጊዜ ባስ ጊታር የሚለማመዱ ወጣቶችም ይኸው ጉዳይ ያጋጥማቸዋል። ብዙዎቹ በመሣሪያው አንገት ላይ ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ጥቁር እንዲሆንላቸው ይመኛሉ።

የኤሌክትሪክ ባስ ጊታርን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፤ የመጀመሪያው መሣሪያው አንገት ሜፕል ከሚባል ነጣ ያለ እንጨት የተሠራ ነበር። የሜፕሉ ቫርኒሽ በጣት ሲታሽ እየተላጠ እንጨቱ ስለሚያድፍ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1959 የባሱን ሰሌዳ ሮዝውድ በሚባል ቡናማ እንጨት ለወጠው። በእኛም አገር ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስ ባንድ፤ በኋላም በሮሐ ባንድ የተጫወተው ባስ ለብዙ ወጣቶች አርአያ ሆኗል።

ከሁሉ የሚወደደው ግን በአማርኛ ዞጲ የምንለው ጥቁር እንጨት ነው። ዞጲ ጠንካራ ስለሆነ የክር ሽርሽራን ይችላል። ሆኖም ጥቁረቱን ብቻ መውደድ ጉዳት አምጥቷል። ቴይለር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 በካሜሩን የዞጲ መሰንጠቂያ በሽርክና ከገዛ በኋላ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ቦብ ቴይለር አንድ አሳዛኝ ነገር ገለጠ። ቆራጮቹ ፍጹም ጥቁር የሆነ አንድ ዛፍ ለማግኘት እስከ አሥር ዛፍ ይጥሉ ነበር፤ ዥንጉርጉር የሆኑትም ገበያ ስለሌላቸው በጫካው ውስጥ ይቀሩ ነበር። ዥንጉርጉሩ እንጨት ግን በጥንካሬው ከጥቁሩ አያንስም። እንግዲህ ለዓይን ደስታ ሲባል ስንት ዛፍ በከንቱ እንደ ወደቀ ማሰብ ነው!

ከዚህ አንጻር ሲታይ ያለውን እንጨት ማጥቆር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ቁጠባ ነው። ነገር ግን ብዙ ብር አጠራቅሞ አንዲት መሣሪያ የገዛ ወጣት በችኮላ ቢያበላሻት፤ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፤ በራሷ አሳጠረች» የተባለው ይደርስበታል። የጫማ ቀለም መቀባት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሰሙ ከላይ ስለሚቀር ጣትንም ክርንም ያጠቁራል። ግድግዳ የሚቀባበት ቀለምም ከላይ ስለሚጋገር ወዲያው ይላጣል። የሚፈለገው ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ማቅለሚያ ነው።

አስቀድሞ ክሮቹን አውልቆ በሰሌዳው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ማኖር ይገባል። ጠብታው ሳይሰርግ ከቆየ ቫርኒሽ ወይም ቅባት አለበት ማለት ነው። ቅባት ከሆነ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። ቫርኒሽ ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መነሣት ስላለበት፤ ፍሬት የሚባሉትን የብረት መስመሮች እንዳይጎዳ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የቆዳና የእንጨት ማቅለሚያ መጠቀም ይቻላል። ርካሹ መንገድ ደግሞ የዛጉ ምስማሮችን በአቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መዘፍዘፍ ነው። ጋዝ ስለሚወጣው የዕቃው ክዳን በጣም አይጠበቅ። የማይዝግ የድስት ማጠቢያ ሽቦ ለዚህ አያገለግልም። እንጨት ታኒን የሚባል፤ በሻይም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አለው፤ ብረቱ ከዚህ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል። ሜፕል ታኒኑ ጥቂት ስለሆነ አስቀድሞ አጥብቆ የተፈላ ጥቁር ሻይ ይቀባል፤ ከደረቀም በኋላ የተጣራው የብረት ውሃ ይከተላል።

ፍሬቶቹንና የአንገቱን ጎኖች በፕላስተር መሸፈን፤ በቁራጭ እንጨት ላይም አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ፤ ውሃ የበዛበት እንጨት ያብጣልና። ሰሌዳው አንድ ሙሉ ቀን ከደረቀ በኋላ፤ ነጭ ጨርቅ ሲታሽበት ጥቁረት እስከማይዝ ድረስ ይወለወል። በመጨረሻም ጥቂት የተልባ ዘይት ይቀባና ትርፉ ይጠረግ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፤ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ማቅለሚያ የነጣውን ያጠቁራል እንጂ የጠቆረውን አያነጣም። ድምፁንም አያሻሽልም። የባስ ድምፅ የሚያምረው በክሩ፣ በአንገቱ መስተካከል፣ ከሁሉም በላይ በተጫዋቹ ጣት ነው።

የቀረው የሕሊና ጉዳይ ነው። መሣሪያውን ለራሱ ያጠቆረ ሰው ማንንም አልበደለም። ሊሸጠው በወጣ ጊዜ ግን «ዞጲ ነው» ቢል፤ ገዢው የደመወዙን ቁጠባ ለቀለም ይከፍላል። «ሮዝውድ ነው፤ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ» ማለት ዋጋውን ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ የተናጋሪውን ስም ግን ያስከብራል። መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስለ እንጨቱ የተነገረው እውነት አብሮት ሊያልፍ ይገባል።