በር የሌለው ቁማር ቤት፦ የፍለጋ ሞተሮች የቁማር ማስታወቂያን ለምን ገደቡ?

ባለፈው ዓመት ለበዓል ሁሩታ፣ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር። ማታ ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የአክስቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝና «እስቲ የዛሬውን ጨዋታ ውጤት እይልኝ» አለኝ። ገጹን ስከፍተው መጀመሪያ ብቅ ያለው ግን ውጤቱ አልነበረም። «ዛሬ ተመዝገብ፣ ያስገባኸውን እጥፍ እናደርግልሃለን» የሚል ማስታወቂያ ነው። ልጁ ፊቱ እንኳ ሳይለወጥ «እሱን ዝለለው፣ ሁሌም ይመጣል» አለኝ።

በማግስቱ ነገሩ ገባኝ። ለፈተና መዘጋጃ መጽሐፍ የተላከለትን ገንዘብ ሦስት ጊዜ በቤቲንግ ተበልቷል። እናቱ እስካሁን አታውቅም።

«ሁሌም ይመጣል» የሚለው ነገር ግን ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። ዝናብም ሁሌ ይመጣል፤ ዝናብን ግን የሚልከው የድርጅት ሠራተኛ የለም። ማስታወቂያን ደግሞ የሚልከው አለ፣ የሚከፍለው አለ፣ የሚያሳየው አለ። እንግዲያው እንዳይመጣ ማድረግስ ይቻላል? መልሱ «በከፊል አዎ» ነው። ከ20 ዓመት በፊት ተደርጎም ያውቃል። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

በዓይን ጥቅሻ የሚያልቅ ጨረታ

በፍለጋ ሞተር ላይ አንድ ቃል ስትጽፉ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንደኛው ለጥያቄያችሁ የሚስማሙ ገጾችን ፈልጎ ይደረድራል። ይህ ክፍል በገንዘብ አይገዛም። ሁለተኛው ጨረታ ነው። ያንን ቃል የሚፈልጉ አስተዋዋቂዎች ቀድመው «አንድ ሰው ማስታወቂያዬን ሲነካ እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» ብለው ዋጋ አስገብተዋል። ማሽኑ ዋጋውን ብቻ አያይም፤ ሰዎች ያንን ማስታወቂያ የመንካት ዕድላቸውንም ይገምታል።

ለምሳሌ አንዱ አስተዋዋቂ በአንድ ንክኪ 10 ብር አቀረበ እንበል፤ ከ100 ተመልካች ግን የሚነኩለት 2 ብቻ ናቸው። ሌላው 6 ብር አቀረበ፤ የሚነኩለት ደግሞ 5 ናቸው። ከመቶ ተመልካች የመጀመሪያው 20 ብር፣ ሁለተኛው 30 ብር ያስገባል ማለት ነው። ስለዚህ ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። በጣም ቀለል አድርጌ ነው ያስረዳኋችሁ፤ ዋናው ሐሳብ ግን ይኸው ነው።

ታዲያ የቁማር ድርጅቶች እዚህ ጨረታ ላይ ለምን ይበረታሉ? መጽሐፍ ሻጭ ከአንድ ደንበኛ የሚያተርፈው ምናልባት 50 ብር ነው። አወራራጅ ግን ደንበኛው በየሳምንቱ እየተመለሰ ስለሚበላለት በዓመት ብዙ ሺህ ብር ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ አንድን ሰው በሩ ላይ ለማድረስ መጽሐፍ ሻጩ ፈጽሞ የማይደፍረውን ዋጋ ይከፍላል። ጨረታውን ለብቻው ከተዋችሁት ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ደንበኛውን አብዝቶ የሚያከስረው ነው። ማሽኑ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያባዛና እንዲያወዳድር ብቻ ነው የታዘዘው።

ሕጉ ደላላውን ሲይዝ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ ሕግ በስልክ መስመርና በመሰል መገናኛ ከክልል ክልል ውርርድ ማስተላለፍን ይከለክላል። ኢንተርኔት ሲመጣ አወራራጆቹ እንደ አንቲጓና ኮስታሪካ ባሉ አገሮች ቢሮ ከፈቱና ለአሜሪካውያን በድረ ገጽ ማጫወት ጀመሩ። የአሜሪካ ፖሊስ አንቲጓ ሄዶ ቢሮ ማሸግ አይችልም። እንዲያውም አንቲጓና ባርቡዳ፣ ሕዝቧ 100 ሺህ የማይሞላው ያቺ ትንሽ አገር፣ በ2003 አሜሪካን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰቻት።

ዓቃቤ ሕጎች ታዲያ ሌላ መንገድ አሰቡ። ቁማርተኛውና አወራራጁ የሚገናኙት በመካከላቸው ባለ ደላላ ነው። ደላላው ደግሞ አገር ውስጥ ነው። በሰኔ 2003 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለብሮድካስተሮች ማኅበር ደብዳቤ ጻፈ። መልእክቱ ባጭሩ «እነዚህን ማስታወቂያዎች ማሰራጨት በወንጀሉ መተባበር ሆኖ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል» የሚል ነበር። በሚያዝያ 2004 ጎግልና ያሁ የኦንላይን ቁማር ማስታወቂያ መቀበል እንደሚያቆሙ አሳወቁ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ የፍለጋ ድርጅቶችን የሚመለከት ክስም ተከፈተ።

ነገሩ የተቋጨው በታኅሣሥ 2007 ነው። ማይክሮሶፍት፣ ያሁና ጎግል ከ1997 እስከ 2007 ከነበሩ የቁማር ማስታወቂያዎች ጋር በተያያዘ በድምሩ 31.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ፈጸሙ። የማይክሮሶፍት ድርሻ 21 ሚሊዮን፣ የያሁ 7.5 ሚሊዮን፣ የጎግል 3 ሚሊዮን ነበር። ሁሉም በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ አይደለም። የማይክሮሶፍትና የያሁ ድርሻ ከፊሉ ወጣቶችን ስለ ቁማር ለሚያስተምሩ ማስታወቂያዎች የሚውል ነበር። ድርጅቶቹ ጥፋተኝነትን አላመኑም፤ ክሱንም አልተከራከሩትም።

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ አስተውሉ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2008፣ ጎግል በብሪታንያ የቁማር ማስታወቂያ ፈቀደ፤ እዚያ ቁማር ሕጋዊ ነውና። በግንቦት 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስፖርት ውርርድን የሚያግደውን የፌዴራል ሕግ ሻረ፤ ክልሎች አንድ በአንድ ሲፈቅዱም ማስታወቂያው ተመልሶ ጎረፈ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በሚያዝያ 2025 ማንኛውንም የቁማር ማስታወቂያ ለ30 ቀናት አገደች። እንግዲህ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የየአገሩ ሕግ ነው፤ ቴክኖሎጂው የታዘዘውን ይፈጽማል።

ወንፊቱ እንዴት ይሠራል?

የዛሬው አሠራር በሦስት ወንፊት ይመሰላል። የመጀመሪያው ቦታ ነው። ስልካችሁ ኔትወርክ ላይ ሲገናኝ የሚያገኘው አድራሻ ቢያንስ የትኛው አገር እንዳላችሁ ይጠቁማል። ማሽኑም በዚያ አገር የቁማር ማስታወቂያ ይፈቀዳል ወይ ብሎ ዝርዝሩን ያያል። ሁለተኛው ሰነድ ነው። አስተዋዋቂው ማስታወቂያውን በሚያሳይበት አገር ፈቃድ እንዳለው ማስረጃ አቅርቦ በማስታወቂያ ድርጅቱ መመዝገብ አለበት። ሦስተኛው ይዘት ነው። ብዙ ምሳሌ እያየ የተማረ ፕሮግራም የማስታወቂያውን ጽሑፍና የሚወስዳችሁን ገጽ አንብቦ «ይህ ቁማር ነው» ወይም «አይደለም» ይላል።

ሦስተኛው ወንፊት ለእኛ ሰፊ ቀዳዳ አለው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጥሩ የሚሆነው ብዙ ጽሑፍ ባየበት ቋንቋ ነው። አማርኛ በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ጠብታ ነው። ደግሞ እኛ ቤቲንግ፣ ቤት፣ ውርርድ፣ ትኬት፣ ኦድ እያልን እንደፈለግን እንጽፋለን። «ቤት» የሚለው ቃል ቁማር ይሁን መኖሪያ ማሽኑ በምን ይለየው? ሁሩታና አዳማ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል፤ አንዳንዱ አማርኛውንም በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ከዚህ ሌላ አጭበርባሪ አስተዋዋቂ ለመርማሪው ማሽን የስፖርት ዜና ገጽ ያሳይና ለእናንተ የቁማሩን ገጽ ይከፍታል።

ማስታወቂያው ቢዘጋም የፍለጋው ውጤት እንዳለ ነው። ሌላም መንገድ አለ። በቴሌግራም «የዛሬ አስተማማኝ ትኬት» የሚሰጡ ቻናሎችን ታውቋቸዋላችሁ። ብዙ አወራራጆች በሊንክ አዲስ ደንበኛ ለሚያመጣላቸው ሰው ኮሚሽን ይከፍላሉ። ስለዚህ ትኬት የሚመክራችሁ ሰው እናንተ ስትበሉም የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይችላል።

ወደ ቤታችን

ማስታወቂያን በሕግ መገደብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የጠፋበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ? የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው ያጠፋው። ቢራው አልጠፋም፤ ልጆች እራት እየበሉ የሚያዩት የቢራ ዘፈን ግን ቆመ። ለቤቲንግ ቤቶችም ከ21 ዓመት በታች አይገባም የሚል ገደብ አለ፤ በአዲስ አበባም ብዙ ቤቶች ሲታሸጉ ሰምታችኋል። ችግሩ በር ያለው ቤት ይታሸጋል፣ በሩ ላይ መታወቂያም ይጠየቃል። ኪስ ውስጥ ያለው ቤት ግን በር የለውም። የማስታወቂያ ገደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። የጎግል አካውንት ካላችሁ «ማይ አድ ሴንተር» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የቁማር ማስታወቂያ እንዲቀንስላችሁ መምረጥ ትችላላችሁ። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው መከላከያ ሒሳብ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር ደብተር ላይ የሠራነውን ላሳያችሁ። ለአንድ ጨዋታ የተሰጠው ኦድ ለባለሜዳ 2.10፣ ለአቻ 3.30፣ ለእንግዳ 3.20 ነው እንበል። 1ን ለእያንዳንዱ አካፍሉና ደምሩ፦ 0.476 ሲደመር 0.303 ሲደመር 0.3125፣ 1.09 ገደማ ይመጣል። ሁሉም የሚሆኑ ነገሮች ዕድል ሲደመር 1 መሆን ነበረበት። ትርፉ 0.09 የአወራራጁ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለረጅም ጊዜ ብትጫወቱ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለስላችሁ ወደ 92 ብር ነው።

ይህ ለአንድ ጨዋታ ነው። ትኬት ላይ ግን ስምንት ጨዋታ ይደረደራል። ያኔ 0.916ን በራሱ ስምንት ጊዜ ታባዛላችሁ። ውጤቱ 0.496 ነው። ከ100 ብር ግማሹ ኳሱ ሳይጀመር ሄዷል። ሽልማቱ ትልቅ መስሎ የሚታየው ትኬት ብዙ የሚበላው ትኬት ነው።

ልጁ ሒሳቡን ሁለት ጊዜ ደገመው። ስህተት ፈልጎብኝ ነበር። ሲያጣ ዝም አለ፤ ከዚያ «ታዲያ ማስታወቂያው ላይ ይሄን ለምን አይጽፉትም?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ይህን ጥያቄ ቢሰሙት ደስ ይለኛል። እስከዚያ እናንተ ደብተር አውጡና የራሳችሁን ትኬት አስሉት። የመጽሐፉን ነገር ደግሞ ልጁ ለእናቱ እንዲነግራት ተስማምተናል፤ እኔም አብሬው ተቀምጬ።